ለፎቶ የወረደ ጣሪያ

ምዋንዚያ የውሃ ታንከር ያገኘው በማልቀሱ ነው። ጎረቤቱ ኪቴካ ይህን በዓይኑ አይቷል። የውሃ ድርጅቱ የምዋንዚያን የተጎሳቆለ ፊት ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፤ የናይሮቢ ሰው አይቶ አዘነ፤ ወር ሳይሞላ ጥቁር ታንከር ከአሸንዳው ሥር ተገተረ።

የኪቴካ ሚስት ስዮምቧ ግን ዛሬም የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ቆፍራ ውሃ በጀርባዋ ትሸከማለች። ጉልበቷ ከድቷታል። ኪቴካ ስለዚህ ነገር አያወራም፤ ስትመጣ ግን ሸክሟን ለማውረድ ከደጅ አይጠፋም።

ድርጅቱ ሐሙስ እንደሚመጣ የሰማ ዕለት መሰላል አቆመ።

«የካሉኪ አባት፣ ጣሪያ ላይ ምን ፍለጋ ወጣህ?» አለችው ሚስቱ በልጃቸው ስም ጠርታ።

«ድህነት።»

ቆርቆሮውን እየነቀለ ጎረቤት በረት ውስጥ ደበቀው። ፍየሎቹንም እዚያው አሰራቸው። ቤቱን ሣር አለበሰው።

«ምዋንዚያ ጣሪያውን አላወረደም እኮ» አለች ስዮምቧ።

«ለዚያ አይደል ትንሿን ታንከር የሰጡት። ፎቶው ይለፍ እንጂ ቆርቆሮውን መልሼ እመታዋለሁ። አንቺ ብቻ ጥርስሽን እንዳታሳዪ።»

ሐሙስ፣ ንዱኩ የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛ ስልኳን ቀስራ መጣች። መኪናቸው ከወንዙ አሸዋ ጋር ሲታገል እሷ በእግሯ ቀድማ ነው።

«ገጻችን ላይ በቀጥታ እየተላለፍን ነው፣ አባባ። ብዙ ሰው እያየዎት ነው። እስቲ ፈገግ ይበሉ፤ ሰዉ እንባ ሰልችቶታል።»

ኪቴካ ወጥመዱ ገባው። ፈገግ ላለ ሰው ማን ታንከር ይሰጣል? ፊቱን ይበልጥ አጨፈገገ።

ከጎረቤት በረት ፍየል ጮኸ።

«የእርስዎ ነው?»

«እኔ ፍየል የማየው ሰርግ ስጠራ ነው፣ ልጄ።»

ስዮምቧ ሳቋን ልትውጥ በለበሰችው የካንጋ ጨርቅ አፏን ሸፈነች። ንዱኩ ያለቀሰች መስሏት ትከሻዋን ዳበሰቻት። ዓይኗ ግን ከጣሪያው ላይ አልተነቀለም።

«ይሄ ቤት ቆርቆሮ ነው ተብለን ነበር።»

ኪቴካ ደነገጠ። ይሄኔ አንዱ ምቀኛ ነግሯት ይሆናል። ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«ምቀኛ ያለውን ይበል። የእናቴ አጥንት ይፍረድብኝ፤ በዕድሜዬ አንዲት ቆርቆሮ ኖራኝ አታውቅም።»

ስልኩ ላይ ቀያይ ልቦች እንደ ምስጥ ፈሉ። የንዱኩ ዓይን እንባ አቀረረ። ኪቴካ በሐሳቡ ታንከሩን ከነክዳኑ ደጁ ላይ አየው።

ወዲያው የጭነት መኪና እያጓራ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከላዩ የምዋንዚያን እጥፍ የሚያክል ታንከር ታስሯል።

«አታውርደው» አለች ንዱኩ ሹፌሩን፣ ስልኳን ከኪቴካ ፊት ሳታነሳ፤ «ቆርቆሮ ከሌላቸው ዝናቡን በምን ያጠራቅሙታል? ወደሚቀጥለው ቤት ንዳው።»