ያልተለቃለቀ ፀጉር

ፀጉር ሠሪዋ ሻምፖውን አረፋ እስኪሞላ ካሸች በኋላ ቧንቧውን ዘጋችው። ባልቴቷ አንገታቸውን ገንዳው ጠርዝ ላይ አጋድመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። «ውሃ ሄደ እንዴ፣ የኔ ልጅ?» አሉ።

«አልሄደም፣ እትዬ። ዘግቼው ነው።»

ካስክ ስር ፀጉራቸውን የሚያደርቁት ሴቶች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሷ ግን እጇን ከቧንቧው አላነሳችም። በኚህ ሴትዮ ግቢ የኋላውን ክፍል ተከራይታ ስትኖር፣ ራሷን ሳሙና እንደተቀባች ውሃውን ይዘጉባት ነበር። ዓይኗ እየተቃጠለ፣ በፎጣ ተጠቅልላ ደጃቸው ቆማ ስትለምን መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር። ዛሬ ያንኑ መለሰችላቸው።

«ውሃው ያባትዎ ነው እንዴ?»

ባልቴቷ ደንግጠው ቀና ሲሉ አረፋው ግንባራቸውን ይዞ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። በአንድ ዓይናቸው እንደምንም አዩዋት። መንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ግንድ አልፈዋት ነበር፤ አሁን ግን አወቋት።

«የኋላ ቤቷ! አንቺ ነሽ እንዴ? ኧረ ክፈቺው፣ ዓይኔ ሊጠፋ ነው!»

በዚያ ግቢ መጠሪያዋ ይኸው ብቻ ነበር። ውሻው እንኳ የሚጠራበት ስም ነበረው።

«እከፍታለሁ፣ እትዬ። ብቻ መጀመሪያ በስሜ ይጥሩኝ።»

ካስክ ስር ያሉት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። ባልቴቷ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ መልሰው ገጠሙት፤ አረፋው በጉንጫቸው ቁልቁል ይንጠባጠብ ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ ትንሽ ጠበቀቻቸው። ከዚያ እጇን በፎጣ አደራርቃ ወደ በሩ ዞረችና ተጣራች።

«ባለተራ!»