ከመጠረዙ በፊት

ልጅቱ የዓለምን ሃይማኖቶች እምነትና ሥርዓት ለተማሪዎች የሚያስተዋውቀውን መጽሐፏን፣ ገና ሳይጠረዝ፣ በአባቷ የሥራ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። መጽሐፍ ጠራዡ ሽማግሌ አባቷ፣ መጻፍ ከጀመረች ወዲህ፣ ስለዚህ ሥራዋ አንድም ቃል አልተነፈሱም ነበር፤ ዛሬ ያንን ቃል ፈልጋ መጣች። ሌላውን መጽሐፍ ሁሉ ሙጫ በነካው እጃቸው ይሰፉ ነበር፤ ቅዱስ መጽሐፍ ሲመጣላቸው ግን፣ የየትኛውም እምነት ቢሆን፣ ሳይታጠቡ አይነኩትም። አሁን የተጸየፉት ይመስል ገጾቹን በእርሳስ ጫፍ ገለጡ።

«የእኛን በዐሥር ገጽ ጨረስሽው?»

«ለሁሉም ዐሥር ዐሥር ነው የደረሳቸው፣ አባባ።»

«ለአባትሽ ብለሽ አንድ ገጽ ብትመርቂ ምን ነበረበት?»

ይህን ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። እሷም ገጾቹን መሰብሰብ ጀመረች። ወዲያው ውኃ ሲፈስ ሰማች። አባቷ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ጣቶቻቸውን በነጭ ፎጣ እያደራረቁ ተመለሱ።

«አባባ፣ ይህ እኮ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው» አለች፣ የሰበሰበቻቸውን ገጾች እየዘረጋችላቸው።

«ዐውቃለሁ» አሉ፣ ገጾቹን በሁለት እጃቸው እየተቀበሉ። «አንቺም ታጠቢና ክሩን ያዢልኝ።»