አራተኛው መስመር

ልጄ የምሽቱን የአውሮፕላን ትርኢት ፎቶ ታነሳ ነበር። ካሜራዋ ለብዙ ሰከንድ ተከፍቶ ስለሚቆይ የአውሮፕላኖቹ መብራት እንደ መስመር ይወጣል። ሰማይ ላይ የሚገለባበጡት ሦስት ነበሩ፤ ፎቶው ላይ ግን መስመሮቹ አራት ሆኑ። አራተኛው ወደ እኛ ታጥፏል።

«የኔ ልጅ፣ እንሂድ።»

«እማዬ፣ ፊደል ስለቆጠርሽ ካሜራም አወቅሽ? እጄን ልቀቂኝ!»

ሦስቱም አርፈው ሞተራቸውን አጠፉ። እሷ እንደገና አነሳች። ሰማዩ ባዶ ነው፤ ፎቶው ላይ ግን ያ መስመር አለ፤ ቀርቧል።

«ሌንሱ ቆሽሾ ነው። ላሳይሽና አርፈሽ ተቀመጪ» ብላ ሌንሱን በክዳኑ ደፍና የማንሻውን ቁልፍ ተጫነች። «ይኸው፣ አሁን የሚወጣው ጨለማ ብቻ ነው።»

ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር በብርሃን ተሞላ።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እጄን ያዥኝ።»