ክቡርነትዎ

«ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ክቡርነትዎ። ሂሳብዎ እንዳይዘጋ አሁን የላክንልዎትን የምስጢር ቁጥር ያንብቡልኝ» አለው የደወለው ሰው፣ ማር ጠብ በሚል ድምፅ። ሰዓት ጠጋኙ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደና ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ክቡርነትዎ መባሉ አንጀቱን አራሰው። ባንክ ያለችው ለሚስቱ የዓይን ሕክምና ያጠራቀማት ገንዘብ ናት፤ ያቺ ገንዘብ እንዳትታገድበት ሰግቶ ቁጥሩን ሊያነብ አፉን ከፈተ።

ግን ባንክ ቤት መቼ ተከብሮ ያውቃል? ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «ቀጣይ!» ስትል ነው የኖረችው። የቆየው ቂም ተቀሰቀሰበት። «የኔ ወንድም፣ እዚያ ቤት እኔን የሚያከብር ሰው አልተፈጠረም» አለና ዘጋው።

ወዲያው በስሱ ግድግዳ በኩል የጎረቤቱ የልብስ ሰፊው ስልክ ጮኸ። በታፔላ መስቀያ ቦታ ተጣልተው ከተኮራረፉ ከርመዋል። «አቤት ጌታዬ... ቁጥሩን? ይቆዩ፣ ላንብብልዎ» ሲል ሰማው። «የእጁን ያግኝ!» ሊል ቃጣው፤ እግሩ ግን ቀድሞት ጎረቤቱ በር ላይ አደረሰው።

«ዝጋው አንተ! ሌባ ነው! እኔንም አሁን ክቡርነትዎ ብሎ ሊዘርፈኝ ነበር!»

ልብስ ሰፊው ስልኩን እንደያዘ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አንተን? ክቡርነትዎ?»

«አዎ፣ እኔን!»

«በቃ፣ ሌባ ነው» አለና ዘጋው። ሁለቱንም ሳቅ አመለጣቸው፤ ልብስ ሰፊውም እንዲቀመጥ በርጩማው ላይ የተቆለለውን ጨርቅ አነሳለት።