የሎፊና ለውዝ

ከምቺንጂ ከተማ የመጣው የለውዝ መርማሪ ካቺንግዌ ከሎፊና ጆንያዎች እፍኝ እፍኝ እየዘገነ ይፈጫል። እኔ ማንጎው ጥላ ስር ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ አንገቴን አሰግጋለሁ። የእኔ ለውዝ አልፏል። የምጠብቀው የእሷን ነው።

ሎፊና ታናሽ እህቴ ናት። እኔ አንድ ጆንያ ፈልፍዬ እስክሞላ ሳምንት ይፈጅብኛል፣ አውራ ጣቴ ይላጣል። እሷ በሁለት ቀን ትጨርሳለች፣ ጥፍሯ እንኳን አይነካ። እናታችን ታዲያ ጠዋት ማታ "የሎፊና እጅ! የሎፊና እጅ!" ነው ወሬዋ። የለውዝ አጥሚቷንም የምትጠጣው እዚያው እሷ ቤት ነው። የእኔ ጎረበጣት አሉ፣ ጥርስ ስለሌላት! ደጄን አልፋ ስትሄድ አንጀቴ ያርራል።

ከወር በፊት ፍም ልለምን ሎፊና ጓሮ ስገባ ጉዷን አየሁት። ለውዙን ከነቅርፊቱ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፋዋለች። ቅርፊቱ ከራሰ በጣት ይፈረከሳል። ካቺንግዌ በየስብሰባው "ውሃ አታስነኩት፣ ይሻግታል" እያለ የሚለፈልፈው ይሄንን ነው። ትንፍሽ አላልኩም። ይህችን ቀን ስጠብቅ ከረምኩ።

ካቺንግዌ የፈጨውን በፈሳሽ ይበጠብጥና ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት ይነክርበታል። ሁለት መስመር ከወጣ ደህና ነው። የወጣው አንድ ብቻ ነው።

"ሎፊና፣ አልሆነም። መርዝ አለበት።"

"የምን መርዝ? እስቲ እየው፣ ፍሬው ንጹሕ አይደል እንዴ?"

"በዓይን አይታይማ። ብትቆዪው አይለቅ፣ ብትቀቅዪው አይለቅ። ጉበት ነው የሚጨርሰው። አርቀሽ ቅበሪው፣ ለከብትም እንዳትሰጪ።"

እሰይ! እላለሁ በሆዴ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሎፊና መሬት ላይ ዝርፍጥ ትላለች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና "እትዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?" ትለኛለች።

"እኔ ምን አውቄ።"

ይሄኔ እናታችን በሎፊና ቤት በኩል ብቅ ትላለች። ጎድጓዳ ሳህኗን ይዛ፣ እየተራመደች በማንኪያ ትጠጣለች።

"የሎፊና እጅ ይባረክ! ወሩን ሙሉ እኮ ሆዴ ጠገበ!" ትለኛለች፣ ከንፈሯን እየላሰች።

ወሩን ሙሉ። ከበርሜሉ ቀን ጀምሮ ማለት ነው። ተነስቼ እሮጥና ሳህኑን ከእጇ እነጥቃለሁ፤ አጥሚቱ አፈሩ ላይ ይደፋል።

እናቴ ባዶ እጇን ታያለች። ከዚያ እኔን።

"ኤነለስ፣ በአጥሚቴም ትቀኚያለሽ?"

ዶሮዎቹ የተደፋውን ሊለቅሙ ይሮጣሉ፣ እኔም እያለቀስኩ በጫማዬ አባርራቸዋለሁ።