የተዘቀዘቀ ነጠላ

አዲሱ የህንድ ፊልም በሚከፈትበት ቅዳሜ፣ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቃ ለበሰችና ለባሏ «የጓደኛዬ የቀለምወርቅ አክስት ሞታለች» ብላው ከቤት ወጣች። እስከ እሑድ መጠበቅ አይሆንላትም፤ በማግስቱ ቦኖ ውሃው ዘንድ በፊልሙ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ ተወርቶ ያልቃል። እውነቱን መናገር ደግሞ ትዳር ያስፈታል። አጥር የሚጋሯት አማቷ እትዬ ዘርትሁን «እየዘፈነ የሚሞት ሰው ለማየት የምትሰለፍ ሴት ከልጄ ቤት ትውጣ!» ብለው ምለዋል።

«ለማያውቁት ሟች ደረት እየደቁ፣ ለፊልም ማልቀስ እንዴት ነውር ሆነ?» እያለች በልቧ እየተሟገተች፣ በክርኗ እየተጋፋች ሲኒማ ቤቱ ገባች። መብራቱ እስኪጠፋ ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም። ፊልሙ ተጀምሮም አላረፈችም፤ ከፊቷ የተቀመጡ ሴትዮ፣ ገና ጀግናው ሳይታመም ይንሰቀሰቃሉ።

ትከሻቸውን ነካ አደረገችና «እናት፣ ቀስ ይበሉ እንጂ! አላሰማ አሉን እኮ!» አለቻቸው።

«ህንድኛ ትሰሚያለሽ?» አላት ከጎኗ የተቀመጠ ጎረምሳ። ዙሪያው ሳቀ።

ለእረፍት መብራቱ ሲበራ ሴትዮዋ ዞሩ። እትዬ ዘርትሁን ናቸው። ዓይናቸው ደም መስሏል።

አማቷ የተዘቀዘቀ ነጠላዋን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ የራሳቸውም ተዘቅዝቋል።

«ለልጄ ማን ሞተ አልሽው?»

«የቀለምወርቅ አክስት።»

«እኔ የነፍስ አባቴን እህት ገድያለሁ። በይ ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ፤ መብራቱ ሳይጠፋ ሟቿን አንድ እናድርጋት።»