ምድብ ያልተገኘለት ሽሮ

ሰው ትዝታውን ከጭንቅላቱ አውጥቶ በማኅደር ማስቀመጥ ከጀመረ ቆይቷል። የፍቅርተ አሮጌ ማኅደር ዛሬ ስድስት ሰዓት ይዘጋል፤ ወደ አዲስ ያልተዛወረ ትዝታ ጠፋ ማለት ነው።

ፍቅርተ ቁጭ ብድግ ትላለች። ከአዲሶቹ አንዱ ማኅደር ሁሉን ይቀበላል፣ ግን ማንም ገብቶ ይነካካዋል። ሌላው ጥብቅ ነው፤ ምድብ የሌለውን ግን አይወስድም።

«እማዬ፣ ምረጪ እንጂ!» አለች ልጇ ሶልያና።

ጥብቁን መረጠች። ሌላውን ሁሉ አዛውራ መጨረሻ ላይ የሽሮው ትዝታ ቀረ። ባሏ የደም ግፊት ስለነበረበት ያለ ጨው ነበር የምትሠራለት፤ ከሞተም በኋላ ስምንት ዓመት ጨው ቤቷ አላስገባችም።

«ምድቡ ሕመም ነው ወይስ ምግብ?» አለ ማኅደሩ።

ስታመነታ ስድስት ሰዓት ሞላ፤ አሮጌው ማኅደር ተዘጋ።

ምሳ ላይ ከሽሮው አንዴ ጎርሳ ፊቷን አጨማደደች። «ሶሊ፣ ጨው አምጪልኝ።»

«ቤት ውስጥ የለም፣ እማዬ።»

ፍቅርተ ሳቀች። «ደግሞ ጨው የሌለበት ቤት አለ?»